ከፖስታ ከረጢት እስከ ኢንተርኔት፤ የርቀት ተማሪ ታሪክ በምሥራቅ አፍሪካ

በጥንቱ የአገራችን የትምህርት ሥርዓት ወደ መምህሩ የሚሄደው ተማሪው ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ፥ ከሸዋ ወይም ከላስታ ተነሥቶ በእግሩ እየተጓዘ የቅኔ መምህር ካለበት የጎጃም ደብር ይደርስ ነበር። ከደረሰም በኋላ ጎጆውን ቀልሶ፥ ቁራሽ እየለመነ፥ ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። መምህሩ አንድ፥ ተማሪው ግን ብዙ ስለ ሆነ፥ በትምህርቱ የገፉት ተማሪዎች አስነጋሪ እየተባሉ አዲሶቹን ያስጠኑ ነበር። ስለዚህ ማታ የሰማውን ያልያዘ ተማሪ ማልዶ የሚጠይቀው ሰው አያጣም ነበር።

የአሁኑ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ባለበት ተቀምጦ ሳለ ትምህርቱ በኢንተርኔት ወደ እርሱ ይመጣል። ስለዚህ ነገር ሲነገር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኞቹ መሣሪያው ሁሉን ያቃናል ይላሉ፤ ሁለተኞቹ ደግሞ የኢንተርኔት ትምህርት ለእኛ አገር የማይስማማ ቅንጦት ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ትናንት እንደ ተጀመረ አድርገው ያዩታል። ዳሩ ግን በርቀት መማር በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ ከአንድ ትውልድ በላይ ያስቆጠረ ታሪክ አለው፤ በዚህም ዘመን ሁሉ ትምህርቱን የሚያደርሰው መሣሪያ ደጋግሞ ሲለወጥ፥ ተማሪውን የሚያጸናው ወይም የሚጥለው ነገር እምብዛም አልተለወጠም። ይኸውም ተማሪው የሚቀመጥበት ስፍራና የሚያነብበት መብራት ማግኘቱ፥ ዋጋውን መቻሉ፥ ከሁሉም ይልቅ ለጠየቀው የሚመልስለት ሰው መኖሩ ነው። ይህን ከታሪኩ ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓ.ም. የሚል ምልክት ከሌለባቸው በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የርቀት ትምህርት መነሻው ፖስታ ነው። በእንግሊዝ አገር ደብዳቤ በአንድ ፔኒ ቴምብር ወደ ማናቸውም ስፍራ መድረስ በጀመረበት በ1840፥ አይዛክ ፒትማን የተባለ የአጭር ጽሕፈት መምህር ትምህርቱን በፖስታ ይልክ ጀመር። ተማሪው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ቁጥሮች በአጭር ጽሕፈት ገልብጦ ይልክለታል፤ ፒትማንም አርሞ ይመልስለታል። ከ18 ዓመት በኋላ፥ በ1858፥ የለንደን ዩኒቨርሲቲ በየትም ስፍራ የተማረ ሰው ፈተናውን ቢያልፍ ዲግሪ እንዲያገኝ በሩን ከፈተ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መምህራን በቀላሉ ያስተውሉታል። ፒትማን አስተማሪ ነበር፤ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ግን በሩቅ ላሉት ተማሪዎች ፈታኝ ብቻ ነበር። የታረመ ወረቀት የሚመለስለት ተማሪና በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱ ብቻ የሚነገረው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ተምረዋል ለማለት አይቻልም።

በአፍሪካ ምድር ይህን ልዩነት በራሱ ታሪክ ያሳየው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1873 ሲቋቋም ፈታኝ ብቻ ነበር፤ በ1946 ግን በፖስታ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከተማሪዎቹም መካከል በሮበን ደሴት የታሰሩ የነጻነት ታጋዮች ይገኙ ነበር። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በ1989፥ ገና እስረኛ ሳሉ ነው። በደሴቲቱ ላይ መማር እንደ ልዩ ፈቃድ ይቆጠር ስለ ነበር፥ የወህኒው ሹማምንት ሊቀጡ ሲፈልጉ የሚከለክሉት ይህንኑ ነበር፤ ማንዴላም በድብቅ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በተገኘ ጊዜ ለ4 ዓመት ከመማር ታገዱ። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በኋላ ዘመን በአዲስ አበባ፥ በአቃቂ፥ የትምህርት ማዕከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያንን በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ያስተምር ጀመር። ከፕሪቶርያ የሚያስተምረው ይህ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በአቃቂ ቤት ማስፈለጉን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በምሥራቅ አፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ የርቀት ተማሪዎች ብዙዎቹ የእኛው የሙያ ጓደኞች ናቸው። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1967 የፖስታ ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ዋና ዓላማው በቂ ሥልጠና ሳያገኙ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩትን መምህራን ማብቃት ነበር። መምህሩ ቀን ያስተምራል፤ ማታ የታተመውን ትምህርት ያነባል፤ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ በእረፍት ወራት ደግሞ ለጥቂት ቀን ተሰብስቦ ከአስጠኚዎቹ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ታንዛንያ በበኩልዋ በ1992 በወጣው ሕግ የታንዛንያን ክፍት ዩኒቨርሲቲ አቋቁማ፥ በ1994 ትምህርቱን አስጀመረች። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዳሬ ሰላም ቢሆንም በየክልሉ ማዕከል ነበረው፤ ተማሪው ለፈተናና ለጉባኤ ወደ ማዕከሉ ይመጣ ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎች ሠራተኞች ስለ ነበሩ ከተወሰነው ዘመን በላይ ቆይተው ጨረሱ፤ ሳይጨርሱ የቀሩትም ጥቂቶች አይደሉም።

እዚህ ላይ የራሴን በደል መናገር ይገባኛል። ወጣት መምህር ሳለሁ፥ ስሙን በማልጠራው ኮሌጅ፥ የርቀት ተማሪዎች አስጠኚ ሆኜ ሠርቻለሁ። በአንድ ዓመት ሰኔ ላይ 62 የቤት ሥራ ወረቀቶች በአንድ ጆንያ ታስረው ተሰጡኝ። ለእያንዳንዱ ወረቀት የሚከፈለው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ክረምቱም የራሴ የፈተና ጊዜ ሆነብኝ። ወረቀቶቹ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ በላይ ክረምቱን ሙሉ ተቀመጡ። መስከረም ላይ ሳርማቸው፥ በአንድ ገጠር ወረዳ የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበረ ተማሪ በሁለተኛው ሥራው ጠርዝ ላይ በእርሳስ፥ የመጀመሪያው ሥራዬ ደርሶ እንደ ሆነ ቢነገረኝ፥ ብሎ የጻፈው ተገኘ። የመጀመሪያውም ሥራው ከዚያው ጆንያ ውስጥ ነበር። ሁለቱንም አርሜ መለስሁለት፤ ሦስተኛ ሥራ ግን ከእርሱ አልመጣም። በመዝገቡ ላይ ስሙ ያቋረጡ ተማሪዎች ከሚለው ዓምድ ገባ። ምክንያት በሚለው ስፍራ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ስለ ርቀት ተማሪዎች ስንፍና ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ያ መዝገብ ትዝ ይለኛል።

ከፖስታ ቀጥሎ የመጣው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዘመን ነው። ስለ ሬዲዮ ብዙ አልልም፤ ነገር ግን ታንዛንያ በ1973 ስለ ጤና ያደረገችው የሬዲዮ ዘመቻ 2 ሚሊዮን ያህል ሰው ያሰባሰበው ሰዎቹ በየመንደሩ በማኅበር ተቀምጠው፥ ጽሑፉን የሚያነብላቸው የቡድን መሪ ኖሯቸው ስላዳመጡ ነው። የቴሌቪዥኑን ነገር ደግሞ የኢትዮጵያ መምህራን እኔ ሳልነግራቸው ያውቁታል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር፥ በመስታወቱ ላይ የሚታየው መምህር በጥሩ እንግሊዝኛ በፍጥነት ይናገር ነበር። ተማሪው እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከጠፋም ያ ትምህርት ለዚያ ክፍል አለፈ ማለት ነበር። በክፍሉ ያለው መምህር በመጀመሪያና በመጨረሻ ከተመደቡለት ጥቂት ደቂቃዎች በቀር ከተማሪዎቹ ጋር ቆሞ ይመለከት ነበር።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ከዚህ ቀድሞ የተጀመረ ነው። የዓለም ባንክ በ1997 የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። አሳቡ የሚያስጎመጅ ነበር። በአሜሪካ፥ በካናዳና በአውሮፓ የሚገኙ ፕሮፌሰሮች የሚሰጡት ትምህርት ወደ ዋሽንግተን ተልኮ፥ ከዚያ በሳተላይት ወደ አፍሪካ ይበተናል። በአዲስ አበባ፥ በናይሮቢ አቅራቢያ በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ፥ እንዲሁም በሌሎች የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በተዘጋጁ ክፍሎች ተማሪዎች በቴሌቪዥን ይከታተላሉ። ጥያቄ ያለው ተማሪ በስልክ ወይም በኢሜይል ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የመምህርና የመጽሐፍ እጦት ይቃለላል፤ የሳይንስና የምሕንድስና ዲግሪም ይሰጣል ተብሎ ተስፋ ተደረገ።

ነገሩ ግን እንደ ታሰበው አልሄደም። አንደኛው ችግር የሰዓት ነው። በዋሽንግተን ጠዋት ሲሆን በአዲስ አበባ ቀኑ መሽቶ ወደ ማለቅ ነው። ሁለተኛው የስልኩ ነገር ነው። ምስሉ ከሰማይ በቀላሉ ይወርዳል፤ የተማሪው ጥያቄ ግን ወደ ላይ የሚወጣው በጊዜው በነበረው ደካማ የስልክ መስመር ነበር። መቶ ሰው የሚያዳምጠውን ፕሮፌሰር አንድ ተማሪ ሊጠይቅ ቢነሣ፥ መስመሩ እስኪገኝ ትምህርቱ አልፏል። ሦስተኛውና በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው፥ ተማሪው የተከታተለው ትምህርት እርሱ ባለበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይቆጠር መሆኑ ነው። ከውጭ የመጣው ፕሮፌሰር የተማሪውን መርሐ ትምህርት አያውቀውም፤ በግቢው ያሉት መምህራንም ያን ትምህርት የእኛ ነው አላሉትም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሙሉ ዲግሪ ይልቅ አጫጭር ኮርሶችና ጉባኤዎች በዙ።

ለድርጅቱ ፍርድ ሲሰጥ ግን ከስሕተቱ መማሩም መነገር አለበት። በ2002 ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ ናይሮቢ ተዛወረ፤ አስተዳደሩም በአፍሪካውያን እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ በአፍሪካ ልማት ባንክ እርዳታ ኢትዮጵያን፥ ኬንያን፥ ኡጋንዳን፥ ታንዛንያንና ሶማሊያን ጨምሮ በ10 አገሮች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን በአንድነት ተቀምጠው ለሒሳብና ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና የሚሆኑ 73 ሞጁሎች አዘጋጁ። እነዚህም ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ተለቀቁ። ከሳተላይቱ ግርማ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም ትምህርቱን ያዘጋጀው መምህርና የሚያስተምረው መምህር በአንድ ግቢ የሚገኙ መሆናቸው ቀርቶ የነበረውን ነገር መለሰው።

እስከ 2009 ድረስ የኬንያና የታንዛንያ ጠረፍ ከዓለም ጋር የሚያገናኘው የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመድ አልነበረውም፤ ሁሉ በሳተላይት ስለ ሆነ ዋጋው አይቀመስም ነበር። በብዙ ግቢዎች የዩኒቨርሲቲው ሰው ሁሉ የሚጋራው መስመር ዛሬ አንድ ሰው በእጁ ከሚይዘው የስልክ መስመር ያነሰ ነበር። በዚያ ዓመት ሲኮም የተባለው ገመድ፥ በማግሥቱም በ2010 ኢሲ የተባለው ተዘረጋ፤ ሞምባሳና ዳሬ ሰላም ከዓለም ጋር ተገናኙ። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት በጂቡቲና በሌሎች ጎረቤቶችዋ በኩል ታልፋለች። ከዚህ በኋላ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት የሚቻል ነገር ሆነ።

ነገር ግን ሰፊ መስመር ሳይኖር የተሠራ አንድ መልካም ሥራ አለ፤ ይህም በሶማሌላንድ የሆነው ነው። በ1988 በነበረው ጦርነት ሐርጌሳ ፈርሳ ነበር። በ1998 በቦረማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በሐርጌሳም ዩኒቨርሲቲ ተከተለ። ሁለቱም የሕክምና ትምህርት ሲጀምሩ የሚያስተምሩ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከ2000 ጀምሮ የለንደኑ የኪንግስ ኮሌጅ ሐኪሞች ይረዷቸው ነበር፤ በኋላም ለዚህ በተዘጋጀ የኢንተርኔት ገጽ በሳምንት ውስጥ በተወሰነ ሰዓት ከተማሪዎቹ ጋር መገናኘት ጀመሩ። መስመሩ ደካማ ስለ ሆነ ፊት አይታይም፥ ድምፅም አይሰማም፤ የሚተላለፈው ጽሑፍ ብቻ ነው። ጥቂት ተማሪዎች በአንድነት ይገባሉ። አንዱ ተማሪ በሆስፒታል ያየውን በሽተኛ ስሙን ሳይጠራ ይገልጻል፤ በለንደን ያለው ሐኪም፥ መጀመሪያ ምን ትጠይቀዋለህ፥ ምን ትመረምራለህ፥ እያለ ይጠይቃል፤ ሌሎቹ ይመልሳሉ፤ ይከራከራሉ። ያለ ምስል የሚካሄደው ይህ ትምህርት ከዋሽንግተን በሳተላይት ይመጣ ከነበረው ይልቅ ለክፍል ቀረበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተማሪው ጥቂት፥ ሰዓቱ የታወቀ፥ ጥያቄው ከተማሪው ከራሱ ሥራ የመነጨ፥ መልሱም እዚያው የሚመጣ ነበር።

አሁን በጣም የማደንቀውን ላንሣ። በኬንያ ሰሜን ምሥራቅ፥ በዳዳብ፥ ከ1991 ጀምሮ የሶማሊያን ጦርነት የሸሹ ሰዎች የተጠለሉባቸው ኢፎ፥ ዳጋሃሌና ሐጋዴራ የሚባሉ ካምፖች አሉ። ለ90,000 ሰው የታሰቡት ካምፖች በ2011 በድርቁ ጊዜ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ መጠለያ ሆኑ። በካምፖቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ከአብዛኛው ጥቂቱ በቀር ስደተኞች ናቸው፤ እነርሱም እዚያው ካምፕ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ፥ የመምህርነት ሥልጠና ያላገኙ ወጣቶች ነበሩ። በጊዜው ደመወዝተኛ መሆን ስላልተፈቀደላቸው የሚሰጣቸው አነስተኛ የማበረታቻ ገንዘብ ነበር። በ2013 የካናዳዎቹ የዮርክና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች፥ የኬንያዎቹ የኬንያታና የሞይ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድነት ሆነው ለእነዚህ መምህራን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መስጠት ጀመሩ።

ይህ ሥራ ከቀደሙት ሙከራዎች የተለየበት ነገር በጥንቃቄ ቢታይ ለእኛ ይጠቅማል። አስቀድሞ በዳዳብ ከተማ የመማሪያ ማዕከል ተዘጋጀ፤ በዚያም ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት፥ የሚቀመጡበትም ክፍል ነበር። የአቃቂውን ቤት ያስታውሷል። ከዚያም ትምህርቱ በደረጃ ተከፋፈለ፤ መጀመሪያ የምስክር ወረቀት፥ ቀጥሎ ዲፕሎማ፥ ከዚያ ዲግሪ። ስደተኛ ነገ የት እንደሚሆን አያውቅም፤ አንዱ ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳል፥ ሌላው ወደ ሶማሊያ ይመለሳል። በመካከል ቢያቋርጥ እንኳ የደረሰበትን የሚመሰክር ወረቀት በእጁ ይዞ ይሄዳል። ደግሞም ትምህርቱ በዚያው ተማሪው ነገ ጠዋት በሚያስተምርበት ክፍል የሚሠራበት ነበር። ማታ ስለ ንባብ አስተምህሮ የተማረ መምህር በማግሥቱ ከመቶ የማያንሱ ልጆች በተጨናነቁበት ክፍል ይሞክረዋል።

እንቅፋቱም ቀላል አልነበረም። በቶሮንቶ ያለው መምህር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ቢሮው ሲገባ በዳዳብ ከቀኑ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ተማሪው ግን ሳይመሽ ወደ ካምፑ መመለስ አለበት። ከካምፕ ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ ጸጥታ ያጣ ነበር። በሚያዝያ 2015 ከዳዳብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ታጣቂዎች 148 ሰዎች ገደሉ፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ኮሌጁ የሞይ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ስለ ነበር ሐዘኑ በዚህም ሥራ ላይ ወደቀ። በ2016 የኬንያ መንግሥት ካምፑን እዘጋለሁ አለ፤ በየካቲት 2017 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ተማሪዎቹ በዚያ ሁሉ ወራት የቤት ሥራ ይጽፉ ነበር። የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ ያነሰ ነው፤ አስቀድሞ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱት ሴቶች ጥቂት ነበሩ፥ የገቡትም ውኃ ቀድተው፥ ልጅ አስተኝተው፥ ምግብ አብስለው ነው መጽሐፍ የሚገልጡት። ኮምፒዩተር በሌለበት ሰዓት ተማሪዎቹ ትምህርቱን በስልካቸው ያነቡ፥ በዋትስአፕ በቡድን ሆነው ይጠያየቁ ነበር። መስመር ያገኘው ላላገኘው ያስተላልፋል፤ የገባው ላልገባው ያስረዳል። የጎጃሙን አስነጋሪ ያየ ሰው ይህን እንግዳ ነገር አይለውም። በ2018 ከእነዚሁ መካከል ለማስተርስ የበቁት ትምህርታቸውን በዚያው በዳዳብ ቀጠሉ።

በ2020 የኮሮና በሽታ ሲመጣ በዳዳብ የታየው ችግር በአንድ ሳምንት ውስጥ የሁሉ ችግር ሆነ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተላኩ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢሜይልና በቴሌግራም እንዲቀጥሉ ተሞከረ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ግን ብዙው ወደ ገጠር ስለ ተመለሰ እስኪጠራ ድረስ ጠበቀ። ይህን መፍረድ አስቸጋሪ ነው። ለሁሉ ቢጀመር መብራትና መስመር የሌለው ይቀራል፤ ለሁሉ ቢቆም ደግሞ ሊማር የሚችለው ይቀራል። በኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች እስከ ጥር 2022 ድረስ ሙሉ በሙሉ አልተከፈቱም፤ በዓለም ላይ እንደዚያ ረጅም ጊዜ የተዘጋ የለም። በዚያች አገር ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ዋትስአፕና ሌሎቹን የመገናኛ ገጾች ለመክፈት በቀን 200 ሽልንግ ግብር ይከፈል ነበር። 200 ሽልንግ ለነጋዴ ምንም አይደለም፤ የጥናት ቡድኑ በዋትስአፕ ለሆነበት ተማሪ ግን በየማለዳው የሚከፈል የትምህርት ቤት መግቢያ ሆነ። ግብሩ በ2021 ቀርቶ በኢንተርኔት ጥቅል ላይ የሚጣል 12 በመቶ ግብር ተተካ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከፋው የመስመሩ መቆረጥ ነው። በኢትዮጵያ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በትግራይ ከጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ስልክም ኢንተርኔትም ለብዙ ጊዜ ጠፋ፤ የዚያ አካባቢ ተማሪና መምህር ስለ ኢንተርኔት ትምህርት የሚነገረውን ሁሉ ሳይሰማ ሁለት ዓመት አሳለፈ። በኡጋንዳ በጥር 2021 ምርጫ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ተዘጋ። በሱዳን ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ተነሥቶ የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ አንዳንዶቹ ትምህርታቸውን በኢንተርኔት ለመቀጠል ሞከሩ፤ በየካቲት 2024 ግን የስልክ ኩባንያዎቹ መስመር በአብዛኛው አገር ጠፋ፥ ሰዎችም በሳተላይት መሣሪያ መስመር የሚሸጡ ሱቆችን ይፈልጉ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት የኢሲና የሲኮም ገመዶች በባሕር ውስጥ ተቆርጠው ከኬንያ እስከ ታንዛንያ ያለው መስመር ተዳከመ። መንግሥት ሲዘጋውና ባሕር ሲቆርጠው ለተማሪው ልዩነት የለውም፤ ልዩነቱ ቀድሞ የታሰበ ሌላ መንገድ መኖር አለመኖሩ ነው። በጆንያም ቢሆን የሚላክ የታተመ ሞጁል ያለው ተማሪ መስመሩ እስኪመለስ ያነባል።

በአገራችን ከ2022 ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር ከውጭ ድርጅቶች ጋር በመተባበር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት እንዲያስተምሩ የሚያበቃ ሥራ ጀምሯል፤ መምህራኑ በኢንተርኔት ስለ ማስተማር እንዲሠለጥኑም ተደርጓል። ከመሣሪያው ጋር መምህሩን ማሠልጠኑ ከቀድሞው ሁሉ የተሻለ ጅምር ነው። የምፈራው አንድ ነገር ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲ የመምህሩ የሥራ ጭነት የሚቆጠረው በክፍል በሚቆምበት ሰዓት ነው። ለ80 ተማሪ በጽሑፍ ሲመልስ የሚያመሸው መምህር ያ ሰዓቱ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ኃላፊዎች ካልወሰኑ፥ የእኔ መደርደሪያ በየዩኒቨርሲቲው ይሠራል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት እኔም ለ14 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በቴሌግራም አስተምር ነበር። መስመሩ በሐምሌ አጋማሽ ሲመለስ ስልኬ ለረጅም ጊዜ ሲንጫጫ ቆየ። ከመጡት መልእክቶች መካከል አንዲት በአንድ ወረዳ ከተማ የምትኖር ተማሪዬ የላከችው ነበር፤ የላከችበት ቀን መስመሩ በተዘጋበት ዋዜማ ነው። ጋሼ፥ የላክሁት ምዕራፍ ደርሷል ወይ፥ ይላል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነበር። ምዕራፉን ገና አልከፈትሁትም፤ ደርሷል፥ ሐሙስ አርሜ እልክልሻለሁ፥ ብዬ ጻፍሁላት። ሐሙስ ማታ ላክሁላት።